በብርዝ የተበጠበጠው እንክብል፤ ከቢቸና እስከ ሞጣ

ሐሙስ፤ ከሰማያዊ ሳጥን ጋር

ከአዲስ አበባ የወጣሁት አንዲት ሰማያዊ ሳጥን ታቅፌ ነው። ክትባት በበረዶ የሚያዝባት ዓይነት ናት፤ ጧት ሲያነሷት አንድ ኩንታል፣ ፀሐይ ሲከር ሁለት ኩንታል ትመዝናለች። ሚስቴ በር ላይ ሆና ስትሸኘኝ፣ «ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ኖረን እኔን እንዲህ ጥብቅ አድርገህ አቅፈኸኝ አታውቅም» አለችኝ። «አንቺ አትቀልጪማ» ብዬ ወጣሁ። ስመለስ የሚያስቀጣኝ መልስ መሆኑን ያወቅሁት መንገድ ላይ ነው።

ሥራዬ ላቦራቶሪ ነው። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ሰውዬ ነኝ፤ የዕድሜዬን ግማሽ አጉሊ መነጽር ላይ ስላጎነበስኩ ቀና ብዬ ሰማይ ያየሁበትን ቀን በጣቴ ልቆጥርላችሁ እችላለሁ። በዚያ ዓመት የያዝነው ጉዳይ ሴቶች በነርስ ፊት እንኳ ስሙን ለመጥራት የሚሽኮረመሙበት ሕመም ነበር። ብልት ውስጥ እየበዛ የሚያሳክክ፣ የሚያቃጥል፣ እንደ አሬራ ያለ ፈሳሽ የሚያመጣ የእርሾ ዓይነት ፈንገስ ነው። ቀላል ነው ይላሉ የማያማቸው። በመድኃኒት የሚድነው ብዙ ነው፤ አልድን እያለ የሚመላለሰው ግን ቤት ያፈርሳል።

ከየጤና ጣቢያው በጥጥ እንጨት ተወስዶ የሚመጣልንን ናሙና ሳህን ላይ እናበቅለዋለን። ሲበቅል ሁለት ነገር እንጠይቀዋለን። «የማን ዘር ነህ?» እንለዋለን መጀመሪያ፤ ይኼ የዘር ምርመራ ነው፣ አንዱን እርሾ ከመንታ ወንድሙ የሚለይ፣ የጣት አሻራ እንደማንሳት ያለ ሥራ። ቀጥለን «የትኛውን መድኃኒት ትፈራለህ?» እንለዋለን። መድኃኒት የነካች ክብ ወረቀት መሀሉ ላይ እናስቀምጣለን፤ የሚፈራ ከሆነ በወረቀቷ ዙሪያ ሜዳ ለቆ ይሸሻል፣ የማይፈራ ከሆነ ወረቀቷ ላይ ወጥቶ እስክስታ ይወርዳል።

አሁን የምሄደው ውጤቱን ቢቸናና ሞጣ ላሉት ጤና ጣቢያዎች ለማድረስና አዲስ ናሙና ለማምጣት ነበር። ወረቀቶቹ ላይ ስም የለም፤ ቁጥር ብቻ። ስምና ቁጥሩን የሚያገናኙት ነርሶቹ ናቸው። አለቃችን ዶክተሯ ፖስታውን ስትሰጠኝ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ «ሳጥኑን ክፍት ብትተወው በረዶ ይቀልጣል፤ አፍህን ክፍት ብትተወው ግን ትዳር ይቀልጣል» አለችኝ። ታውቀኛለች።

ከቁጥሮቹ ሁሉ አንዱ ከራሴ አልወጣ አለ። የሞጣው ቁጥር አሥራ ሰባት ሁለት ጊዜ ነው የመጣው፤ በሰኔና በነሐሴ። የዘር ምርመራው ሁለቱም አንድ ናቸው ብሏል፤ ያው ራሱ እርሾ ነው፣ ሌላ አይደለም። የሚገርመው፣ በሰኔ ፍሉኮናዞል የተባለውን መድኃኒት ሲያይ እግሬ አውጪኝ ይል የነበረው፣ በነሐሴ ጡንቻ አውጥቶ፣ ጢም አብቅሎ፣ ወረቀቷ ላይ ጉብ ብሎ ተገኘ። በሰኔና በነሐሴ መካከል ምን ተማረ? ማን አስተማረው? ይህን ጥያቄ ይዤ ነው አውቶቡስ ተራ የደረስኩት።

ረዳቱ ሳጥኗን እንዳየ፣ «አባት፣ እሷ ላይ ትውጣ!» አለኝ።

«አትወጣም።»

«ምንድነው ውስጧ?»

«በረዶ።»

«ጎጃም ብርድ አጥቶ ነው ከሸገር በረዶ የምታጓጉዝለት?» አለና ተሳፋሪውን ሁሉ አሳቀብኝ። እኔን የሚቀድም ቀልደኛ መንገድ ላይ ሲገጥመኝ ቅር ይለኛል፤ ዝም ብዬ ሳጥኔን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ።

ጎሐ ጽዮን ላይ ጋቢ የለበሰው ሁሉ ዓባይ በረሃ ግማሽ ላይ ሲደርስ ሸሚዙን ይፈታል። ቁልቁለቱን ስንጠማዘዝ ዝንጀሮዎቹ በመንገዱ ዳር ተሰልፈው እንደ ትራፊክ ፖሊስ ያዩን ነበር። ድልድዩ ጋ ሙቀቱ እንዲህ ነበር ልበላችሁ፤ አንድ እንቁላል በኪሴ ብይዝ ደጀን ስንደርስ ጫጩት ትሆን ነበር። የሳጥኔን ክዳን በጋቢዬ ጠቅልዬ እኔ በላብ ታጠብኩ።

ደጀን ምሳ በላን። የከባድ መኪና ሾፌሮች የሚበሉበት ቤት ገብቼ ጥብስ በሠላሳ ብር አዘዝኩ፤ ሥጋው ሾፌሮቹን የሚያክል ጠንካራ ነበር። ከዚያ ዋናው አስፋልት ወደ ሉማሜና ደብረ ማርቆስ ሲያቀና የኛ አውቶቡስ በቀኝ ታጥፎ ጠጠሩን ያዘ። ያኔ ያ መንገድ ገና አስፋልት አላየም ነበር። የትመን ሜዳ ላይ ጤፉ ቢጫ ሊሆን ዳር ዳር እያለ በነፋሱ ሲተኛና ሲነሳ ሳይ፣ መንገዱ የሰባበረው ወገቤ ለጊዜው ተረሳኝ። በጥቅምት ያን አገር ያየ ሰው እንጀራ ከየት እንደሚመጣ አይጠይቅም።

ቢቸና በአሥር ሰዓት ገባን። መጀመሪያ ጤና ጣቢያው ሄጄ የሳጥኔን በረዶ በክትባት ማቀዝቀዣው አስቀየርኩ፤ ከዚያ ስልሳ ብር ከፍዬ አልጋ ያዝኩ። ብርዱ ረዳቱን እውነተኛ አደረገው፤ በረዶ ማምጣቴ ትርፍ ነበር።

ዓርብ፤ ጽዋው የዞረበት ምሥጢር

የቢቸናዋ ነርስ ናሙና የሰጡትን ሴቶች ቀጥራልኝ ነበር። ጤና ጣቢያው ጀርባ ጥላ ሥር አግዳሚ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ስለሸፈኑ ከፊቴ ያለው ሁለት መስመር ዓይን ብቻ ነው። የነሱም እርሾ ጥቂቱ መድኃኒቱን መልመድ ጀምሯል። ስለዚህ ጥያቄዬ አንድ ነበር።

«እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ እንክብሉን እንዴት ነው የወሰዳችሁት?»

«እንደታዘዝነው!» አሉ በአንድ ድምፅ። ቅዳሴ የሚቀበሉ ነው የሚመስሉት። ሰው እውነት ሲናገር በአንድ ድምፅ አይናገርም፤ አንዱ ይቀድማል፣ አንዱ ይዘገያል። ደግሜ ጠየቅሁ። ያው መልስ። ነርሷ ትከሻዋን ነቀነቀች። ሴቶቹ ተነሥተው እየሳቁና እየተገፈታተሩ ሄዱ።

አንዲት ብቻ ቀረች። ስልሳ አምስት የሚሆናት፣ ቀጭን፣ አንገቷ ላይ ማተብና ትንሽ መስቀል ያላት፣ ምርኩዟን የምትይዘው ለመደገፍ ሳይሆን ለማዘዝ የሚመስል ሴት ነበረች። ነርሷ «የማርያም ማኅበራቸው ሙሴ ናቸው፤ እማማ የሺ ይባላሉ» አለችኝ። ሙሴ ማለት ማኅበሩን የሚመራ ነው።

«ዶክተር፣» አሉኝ፣ «ዋሽተንሃል።»

«ዶክተር አይደለሁም እማማ።»

«ታዲያ ዶክተር ካልሆንክ መዋሸታችን ምን ያስደነግጥሃል? ስማኝ። መድኃኒቱን እኛ አልታዘዝነውም። ለእህቴ ልጅ ነው የታዘዘው። ሞጣ ነው የተዳረችው፤ በሐምሌ ማርያም ለማኅበሯ መጣች። ሦስት እንክብል ሰጥተዋት አንዱን ውጣ ሁለቱን ይዛለች። ስትጠጣ ሰው ምንድነው አላት፣ ነገረችን። ያን ጊዜ አንዷ ‹እኔንም ያሳክከኛል› አለች። ሌላዋ ‹እኔንም›። ጉዱ ወጣ! ለካ ሁላችንም በየጓዳችን ተደብቀን ስናክክ ከርመናል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ፣ በማኅበር ብቻውን የሚጠጣ አለ? እንክብሎቹን ከፍተን ዱቄቱን በብርዝ ማሰሮ በጠበጥነው። ጽዋውን ከዳር እስከ ዳር አዞርነው። አሥራ ሁለት ነበርን።»

ሁለት እንክብል፣ አሥራ ሁለት ሰው፣ አንድ ማሰሮ ብርዝ። የዓለም ሊቃውንት በሙሉ ተሰብስበው እርሾን መድኃኒት የሚያለማምድ ትምህርት ቤት ክፈቱ ቢባሉ ከዚህ የተሻለ አይከፍቱም።

«እርስዎንም ያሳክክዎ ነበር እንዴ?» አልኳቸው።

«እኔን? ምንም!»

«ታዲያ ለምን ጠጡ?»

«ጽዋ ሲዞር ዘሎኝ ይለፍ?» አሉ ተቆጥተው።

ሳቅሁ። እግዜር ይይልኝ፣ ነርሷም ሳቀች። እማማ የሺ ግን አልሳቁም፤ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ተክለው ፊቴን ያዩ ነበር። «ምን አጠፋን?» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

የዚያን ጊዜ ቀልዴን ኪሴ ከተትኩት። «እማማ፣ ጅብ በረት ገብቶ አግኝተው በግማሽ ዱላ ቢመቱት ምን ይሆናል?»

«ይሸሻላ። ዱላውን አውቆ፣ ነገ ተጠንቅቆ ይመለሳል።»

«እንግዲህ እርሾውም እንዲሁ ነው። እንክብሉ ለአንድ ሰው ተመጥኖ የተሰጠ ሙሉ ዱላ ነበር። ተካፍላችሁ ስትጠጡት አልሞተም፤ ዱላውን አወቀው።»

በምርኩዛቸው ጫፍ መሬቱን ጫሩ። «የልጅቱስ? ሦስቱን ልትጨርስ የነበረችው?»

«የሷም።»

ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ደህና ዋሉም ሳይሉኝ ሄዱ። እኔም ነገሩ እዚያ ያበቃ መስሎኝ የነርሷን አዲስ ናሙናዎች ሳጥኔ ውስጥ ደረደርኩ። ቀትር ላይ ሽሮ በላሁ፤ አሥራ ስምንት ብር፤ ስለ ሽሮው ክፉ የሚናገር ሰው ጎጃም አይግባ።

ቅዳሜ፤ አፍን የመዝጋት መከራ

ጧት መናኸሪያ ስደርስ እማማ የሺ ከኔ ቀድመው፣ ከሾፌሩ ጀርባ ያለውን ወንበር ይዘው፣ ጎናቸውን በምርኩዛቸው አጥረው ተቀምጠዋል።

«ና ዶክተር፣ ቦታ ይዤልሃለሁ። ያችን ጽላት መሳይ ሳጥንህንም አምጣት።»

«ወዴት ነው እማማ?»

«ካንተ ጋ። ሞጣ።»

ከቢቸና ሲወጣ መንገዱ አቧራ ነው፤ አቧራ ስላችሁ የምታውቁትን አቧራ አይደለም፤ ደብረ ወርቅ ስንደርስ በሽበቴ ላይ ጤፍ መዝራት ይቻል ነበር። በግራ በኩል የጮቄ ተራራ ደመና ተከናንቦ ይከተለናል። ገበያ የሚሄደው ሰው መንገዱን ሞልቶ ስለነበር ሾፌራችን ጡሩምባውን እንደ እንቢልታ ሳያቋርጥ ይነፋል። በዚያ ሁካታ ውስጥ ነው እማማ የሺ ታሪኩን የነገሩኝ።

ጥሩዓለም ይሏታል የእህታቸውን ልጅ። እናቷ ስለሞተች ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ባሏ ሙሉቀን ሞጣ አጠገብ የሚያርስ፣ ሁለት በሬና ብዙ ቅናት ያለው ሰው ነው። ሕመሙ ያዛት፤ ታከመች፤ ተመለሰባት። ዳግም ታከመች፤ ዳግም ተመለሰ። በሦስተኛው ሙሉቀን፣ «እኔ ላይ የለም፣ ሐኪም ባወጣልሽ ቁጥር አንቺ ከየት ነው የምታመጪው?» ብሎ ጋቢውን አንሥቶ እናቱ ቤት ገባ። ነገሩ ሽማግሌ ዘንድ ደርሷል። የሚቀመጡት እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ካልታረቁ መፋታታቸው ነው።

«ትናንት ግማሽ ዱላ ስትለኝ፣» አሉኝ፣ «ዱላው እኔን ነው የመታኝ። ብርዙን የበጠበጥኩት በዚህ እጄ ነው። ልጅቱ ‹እቴቴ፣ ጨርሺው ብለውኛል› አለች። ‹ስስታም አትሁኚ› አልኳት። ሄጄ ለሽማግሌ ልነግር ነው። ግን ምን ብዬ? አሮጊት ብርዝ በጠበጠች ቢባል ታመነዝራለች ያለ ሰው ያምናል?»

ወገኖቼ፣ ከሞጣ ሁለት ጊዜ ናሙና የተላከባት አንዲት ሴት ብቻ ናት። ቁጥር አሥራ ሰባት። ወረቀቷ በደረት ኪሴ፣ ከልቤ ላይ ተቀምጣለች። «አይዞዎት፣ ያው ራሱ ነው፣ ከውጭ የመጣ የለም» ብዬ አንዲት ዐረፍተ ነገር ብናገር እኒህ ሴት አውቶቡሱ ውስጥ እልል ይሉ ነበር። ግን ስሟን አላውቅም፤ ገምቼ ነው። ባውቅም ምሥጢሩ የራሷ የታማሚዋ ነው እንጂ የአክስቷ አይደለም፤ የኔማ ጨርሶ አይደለም። በሕይወቴ አፌን ይዤ የማላውቀው ሰውዬ፣ በዚያ ጠጠር መንገድ ላይ ምላሴን ነክሼ ሦስት ሰዓት ተጓዝኩ። ምጥ እንዲህ ከሆነ ሴቶች ይቅር ይበሉን።

ስለ ዝንጀሮ አወራኋቸው። ስለ ረዳቱ አወራኋቸው። ግንደ ወይን ሻይ በሁለት ብር ስንጠጣ ድንገት ብርጭቆዋን አስቀመጡና፣ «አንተ ሰውዬ» አሉኝ፣ «ስትቀልድ ሰው ትመስላለህ፤ ዝም ስትል ግን ዶሮ የሰረቅህ ነው የምትመስለው። ምን ደብቀሃል?»

«ዶሮ» አልኳቸው።

ትክ ብለው አዩኝ። «እሺ፤ ሞጣ ስንደርስ ዶሮዋን ታሳየኛለህ» ብለው ሻያቸውን ጨረሱ። እንዳልጠየቁኝ ሆነው ማለፋቸው ከመጠየቃቸው የባሰ ከበደኝ።

ሞጣ እንደገባን ወደ ጤና ጣቢያው በረርኩ፤ ሃምሳ ዓመት የሚጠጋ ሰው ሳጥን ይዞ ሲሮጥ ያየ ውሻ ሁሉ ተከተለኝ። የሞጣዋ ነርስ ሲስተር ዘውዴ ቁመቷ አጭር፣ ንግግሯም አጭር ነው። ፖስታውን ከፍታ መዝገቧን ገልጣ፣ ጣቷን በቁጥሮቹ ላይ እየነዳች ወረደች። አሥራ ሰባት ላይ ቆመች። ፊቷ በራ።

«እሷ ናት?» አልኩ።

«ማን?» አለችኝ መዝገቡን ጥርቅም አድርጋ ዘግታ። ነጠላዋን አደረገችና ወጣች።

እሑድ፤ ከወይራው ሥር

ጧት ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ሲስተር ዘውዴ በር ላይ ጠበቀችኝ። ከጎኗ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ዓይኗ በልቅሶ ያበጠ፣ አገጯ ግን ቀና ያለ ሴት ቆማለች።

«ጥሩዓለም ትባላለች» አለች ሲስተሯ። «ውጤቷን ነግሬያታለሁ። በሽማግሌዎቹ ፊት አንተ እንድታስረዳ ትፈልጋለች።»

«እህቴ፣ ይህ የግል ጉዳይሽ ነው። የመናገር ግዴታ የለብሽም» አልኳት።

«ጋሼ፣» አለችኝ፣ «ሐሜቱ በየደጃፉ ሲዞር ከርሟል። እውነቱም ይዙርልኝ እንጂ።»

ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። በመካከላቸው የቅኔ መምህር የሆኑ መሪጌታ አሉ፤ የቀሩት ሁለቱ ገበሬዎች ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ካለው ወይራ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። እማማ የሺ በአንድ በኩል ተቀምጠዋል፤ ሙሉቀን በሌላው በኩል ቆሟል፤ ጋቢውን አፍንጫው ድረስ ስቦ መሬት መሬት ያያል። ቀናተኛ ሲሉኝ ግዙፍ ሰው ነበር የጠበቅሁት፤ እንቅልፍ ያጣ፣ ከሲታ ሰው ነው።

ጥሩዓለም ቀድማ፣ «ታምሜ ነበር፤ ተመርምሬአለሁ፤ የመረመሩት እኒህ ናቸው፤ ይናገሩ» አለችና ቁጭ አለች። ሁሉም ወደኔ ዞረ። ሳጥኔን እንኳ አልያዝኩም፤ እጄን የማደርግበት ጠፋኝ።

«ወንድም ሙሉቀን፣» አልኩ፣ «ማሳህ ውስጥ በሬ ገብቶ ጤፍህን ሲበላ አገኘኸው። አባረርከው። በሳምንቱ ደግሞ በሬ ገብቶ አገኘህ። ሌላ በሬ ነው ወይስ ያው?»

«በመልኩ አውቀዋለኋ» አለ ቀና ሳይል።

«ያው ከሆነስ?»

«ያው ከሆነማ አልወጣም ነበር ማለት ነው። አንድ ጥግ ተኝቶልኛል።»

«እኛም በመልኩ አወቅነው። ለዓይን የማይታይ ነገር ነው፤ መልኩን የምናይበት ምርመራ ግን አለ። በሰኔ የተገኘባትና በነሐሴ የተገኘባት አንድ ነው፤ ቀንዱም ጭራውም ያው። ከሌላ የመጣ አዲስ አይደለም። ከማሳው አልወጣም ነበር።»

አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። «መድኃኒት ወስዳ የለም እንዴ? ለምን አልወጣም?»

ያኔ ነው እማማ የሺ ምርኩዛቸውን ተክለው የተነሡት። «እኔ ነኝ!» አሉ። ስለ ብርዙ፣ ስለ ጽዋው፣ ስለ አሥራ ሁለቱ ሴቶች፣ «ስስታም አትሁኚ» ስላሉት ሁሉ ተናገሩ፤ ምንም አላስቀሩም። የራሱን ጥፋት እንዲህ ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው አይቼ አላውቅም። በመጨረሻም፣ «የልጄን መድኃኒት በግማሽ ያስቀረሁት እኔ ነኝ፤ ከቤቷ የሚያስወጣት ሰው ካለ እኔን ያውጣ» አሉ።

ሙሉቀን ጋቢውን ከፊቱ አወረደ። «እኔስ?» አለኝ። «መጀመሪያውኑ እኔ አምጥቼባት ይሆን?»

ያን ያህል ወር ሲያንገበግበው የከረመው ጥያቄ ይኼኛው እንደነበር ያኔ ገባኝ። «ማንም አላመጣም» አልኩት። «ጤነኛ ሰው ሰውነት ውስጥም ዝም ብሎ የሚኖር ነው። ሲመቸው ይበዛል፤ በቃ። በዚህ በሽታ የተነሣ ማንንም መክሰስ አይቻልም፤ ጠላም ቢሆን ሲፈላ ጎረቤት አይከሰስም።»

መሪጌታ እስካሁን አልተናገሩም። ጢማቸውን እየነኩ ሙሉቀንን አዩት። «ሰማህ? ነገር በግማሽ መድኃኒት ከተተወ ተምሮ ይመለሳል ይላሉ። ጥርጣሬም እንዲሁ ነው። ዛሬ በግማሽ ታርቀህ ግማሹን ሆድህ ውስጥ ብታስተኛው፣ በሚቀጥለው ጡንቻ አውጥቶ ይጠብቅሃል። ከታረቅህ ጨርሰህ ታረቅ።»

ሃያ አምስት ዓመት ስለ መድኃኒት ስማር እንዲህ ያለ ትምህርት ሰጥቶኝ የሚያውቅ የለም። ሙሉቀን ድንጋይ ሊሸከም ሲያጎነብስ ጥሩዓለም፣ «ተወው፣ ወገብህን ያምህና ደግሞ ምርመራ እንሂድ ትለኛለህ» አለችው። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እሷ ግን አልጨረሰችም። «ድንጋዩን ተወው አልኩህ እንጂ ነገሩን አልተውኩም። ከየት ታመጪዋለሽ ያልከኝን ቃልህን እዚህ፣ በሰው ፊት መልሰው።» መለሰው። ቃል በቃል፣ እየተንተባተበ፣ ከሽማግሌዎቹ ፊት ሳይሆን ከሷ ፊት ቆሞ።

ሰኞ ጧት ሲስተር ዘውዴና የጤና ጣቢያው ጤና መኮንን እርሾው አሁንም የሚፈራውን ሌላ መድኃኒት አዘዙላት፤ አሥራ አራት ቀን የሚወሰድ፣ የማይዋጥ፣ ማታ ማታ በብልት የሚገባ ነው። ሙሉቀን ከበሩ ውጭ ሆኖ፣ «ቀኑን እኔ እቆጥራለሁ» ሲል፣ «መቁጠር እኔም እችላለሁ፤ አንተ ውኃ ቅዳ» የሚል ድምፅ ከውስጥ ወጣ።

እማማ የሺ የመድኃኒቱን ካርቶን አገላብጠው አዩት። አገባቡን ሲስተሯ በጆሯቸው ስትነግራቸው አማተቡ።

«ይኼንንስ በብርዝ አትበጠብጡትም» አልኳቸው።

«ይኼንንማ፣» አሉ፣ «የፈለገ ማኅበር ቢሆን አናዞረውም!»

ከዚያ ክንዴን ያዙኝና፣ «ዶሮዋ ይቺ ነበረች ለካ። ያን ሁሉ መንገድ ታውቀው ኖሯል» አሉኝ።

«እገምት ነበር እንጂ አላውቅም ነበር።»

«ያን ሁሉ ስለፈልፍ አልነገርከኝም።» ትንሽ አሰቡ። «ደግ አደረግህ። እኔ ብሆን ደብረ ወርቅ ሳንደርስ ነግሬህ ነበር።»

ተመልሶ

ከሞጣ በባሕር ዳር አድርጌ አዲስ አበባ የገባሁት ማክሰኞ ማታ ነው። ሚስቴ በሩን ስትከፍት ሳጥኗን መሬት አስቀምጬ መጀመሪያ እሷን አቀፍኳት። «ቀለጥክ እንዴ?» አለችኝ። ይኼን መልስ ስድስት ቀን ስታዘጋጀው ከርማለች።

ወንበሬ ላይ ሆኜ ብዙ ጊዜ፣ «ሕዝቡ መድኃኒት በአግባቡ አይወስድም» ብዬ ሪፖርት ጽፌአለሁ። ከቢቸና መልስ ያን ቃል መጻፍ አልሆነልኝም። እነዚያ ሴቶች ያጠፉት ከክፋት ወይም ከቸልተኝነት አይደለም፤ አንዷ ታምማ ሌላዋ ዝም ብላ ማየት ስለማታውቅ ነው። ያን ልማዳቸውን ማፍረስ አያስፈልግም፤ የጎደለው ለሁሉም የሚበቃ መድኃኒትና የሚያስረዳ ሰው ነበር። የቢቸናዋ ነርስ አሥራ ሁለቱንም አንድ በአንድ መርምራ ለታመሙት ለየራሳቸው ሰጥታለች። እማማ የሺም ማኅበሩ ላይ አዲስ ሥርዓት አውጥተዋል አሉ፤ ብርዙ ለሁሉም፣ መድኃኒቱ ለባለቤቱ። መድኃኒቷን የጨረሰች ሴት ባዶ ማሸጊያውን ለሙሴዋ አምጥታ ታሳያለች።

በኅዳር መጨረሻ ከሞጣ ናሙና መጣ። ቁጥር አሥራ ሰባት፣ ሦስተኛ ጊዜ። ሳህኑ ላይ ዘራሁት። በማግሥቱ አየሁት፤ በሁለተኛው ቀን አየሁት፤ ሳምንት ሙሉ፣ ሻይ ሳልጠጣ ቀድሜ እሱን አያለሁ። ሳህኑ እንደ ሐይቅ ለስልሶ ተኝቷል። መዝገቡ ላይ «አልበቀለም» ብዬ ጻፍኩ። በሕይወቴ ሳላጋንን የጻፍኩት ቃል ይኸው ነው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ስልኬ ጮኸ። እማማ የሺ ናቸው፤ ስልክ ሲይዙ ያለ ስልክ ከቢቸና ሊሰሙ የፈለጉ ይመስል ይጮሃሉ።

«ዶክተር! ልጅቱ ነገረችኝ! ምንም የለም ብለዋታል!»

«ባለጉዳይዋ ራሷ ከነገረችዎ እንግዲህ ልክ ነው እማማ።»

«ምንም ማለት ምን ያህል ነው? እስቲ እንደ ልማድህ አጋንነህ ንገረኝ።»

አሰብኩ። አቧራውን፣ በረሃውን፣ ኪሴ ውስጥ የሚፈለፈለውን እንቁላል ሁሉ አሰብኩ፤ ለዚህ የሚሆን አንድም አጣሁ።

«እማማ፣» አልኳቸው፣ «ይኼኛው ተጋንኖም ምንም ነው።»

እልልታቸው ስልኩን ከጆሮዬ አስሸሸኝ። አለቃዬ ዶክተሯ ከቢሮዋ ብቅ ብላ ምን ሆነህ ነው አለችኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ የሰው ምሥጢር መሆኑ ትዝ አለኝና ዘጋሁት። ሳህኑን አንሥቼ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ይዤ አሳየኋት፤ ባዶውን፣ ንጹሑን።